የ3.6 ሮንትገን ነገር
ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ላይ የቼርኖቤል አራተኛው የኑክሌር ማብላያ ፈነዳ። በጣቢያው ሠራተኞች እጅ ላይ የነበረው የጨረር መለኪያ ከጫፉ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ በላይ ማንበብ አይችልም።

ጫፉ በሰከንድ 1,000 ማይክሮሮንትገን ነበር። ወደ ሰዓት ስንለውጠው በ3,600 ሰከንድ ይባዛል፤ 3.6 ሮንትገን በሰዓት ይሆናል። ዛሬ በምንሠራበት የጨረር መለኪያ አሃድ፣ በሲቨርትስ? ለጋማ ጨረር 100 ሮንትገን በግርድፉ 1 ሲቨርት ስለሆነ፣ በሰዓት ወደ 36 ሚሊሲቨርት ይጠጋል።

ስሌቱ ልክ ነው። የሚያሳዝነው፣ 3.6 የመሣሪያው አቅም እንጂ የጨረሩ መጠን አልነበረም። ለአለቆች የተነገረው ግን ይኸው ቁጥር ነው። በዚያች ሰዓት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጣሪያው ላይ ነበሩ፤ ከፈራረሰው ማብላያ አጠገብ ጨረሩ በሰዓት በሺህ ሮንትገን ይቆጠር ነበር።