ከማስታወቂያ ሰሌዳ እስከ ምርምር ቤት

(በተማሪዎች ኅብረት የትምህርት ስብሰባ ላይ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የኅብረታችን የትምህርት ክፍል «የምህንድስና ተማሪ ወደ ምርምር የሚገባው በምን መንገድ ነው?» በሚል ርእስ እንድንናገር ስለ ጋበዘን ከልብ እናመሰግናለን። እኛ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎች ነን እንጂ የምርምር ሰዎች አይደለንም። ስለዚህ ከራሳችን ልምድ አውጥተን ለማስተማር አንደፍርም። ነገር ግን በታሪክ የታወቀ አንድ ተማሪ አለ፤ የእርሱን መንገድ ከመነሻው ተከትለን ብንመረምረው ለጥያቄው መልስ የሚሰጠን ይመስለናል። ይህ ሰው አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመካከላችን ብዙ ጊዜ የሚሰማ አነጋገር አለ። «ምርምር የዶክተሮች ሥራ ነው፤ ተማሪ ግን የተሰጠውን ተምሮ ፈተናውን ይለፍ» ይባላል። ሌላውም «መጀመሪያ ዲግሪ፣ ቀጥሎ ሥራ፣ ምርምሩ ሲመች ይደረሳል» ይላል። ይህ አነጋገር የአስተዋይ ሰው ምክር ይመስላል፤ ዳሩ ግን «ሲመች» የተባለው ቀን ለብዙ ሰው ሳይመጣ ይቀራል። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ምርምር የሚጀመረው በሹመት ሳይሆን በጥያቄ መሆኑን፣ ጥያቄውም ተማሪው በእጁ ከያዘው ሥራ ውስጥ ሊገኝ የሚችል መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ሻነን በ1916 በሚሺጋን ግዛት ተወልዶ ጌይሎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ አደገ። አባቱ ነጋዴና ዳኛ፣ እናቱ አስተማሪ ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ ግማሽ ማይል ያህል ርቆ ከሚኖር ጓደኛው ጋር ለመነጋገር ፈለገ። አዲስ ሽቦ የሚገዛለት ሰው አልጠበቀም፤ ለከብት አጥር የተዘረጋውን እሾኻማ ሽቦ መስመር አድርጎ ቴሌግራፍ ሠራበት። አጥሩን ሁሉም ያየው ነበር፤ መስመር ሊሆን እንደሚችል ያየው ግን ልጁ ነው።

በ1932 ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1936ም በኤሌክትሪክ ምህንድስናና በሒሳብ ሁለት ዲግሪ ተቀብሎ ወጣ። ለነገራችን ቁም ነገር የሚሆነው የዲግሪው ብዛት አይደለም። በዚያ ትምህርት ቤት ሳለ ከመሐንዲሶች ይልቅ ፈላስፎች የሚያውቁትን የጆርጅ ቡልን ሥነ አመክንዮ ተዋወቀ።

ቡል ራሱ ሊታወስ የሚገባው ሰው ነው። በ1815 በእንግሊዝ አገር ከጫማ ሠሪ ቤት ተወለደ፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖረው ራሱን በራሱ አስተምሮ በ1849 በአየርላንድ በኮርክ ከተማ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ልጅ አስተሳሰብ እንደ ሒሳብ በምልክት ሊጻፍ እንደሚችል አስረዳ። በእርሱ ሒሳብ ውስጥ ሁለት ዋጋዎች ብቻ አሉ፤ እነርሱም 1 እና 0 ናቸው። እውነት የሆነውን 1፣ ሐሰት የሆነውን 0 ብለን፣ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» በሚሉት ቃላት እያያያዝን ማስላት እንችላለን። ይህ ዕውቀት ሰማንያ ዓመት ያህል በሒሳብና በፍልስፍና ሊቃውንት እጅ ሲኖር፣ ለሽቦና ለመብራት ይጠቅማል ብሎ የተነሣ ሰው እምብዛም አልነበረም።

ሻነን በተመረቀበት በ1936 በዩኒቨርሲቲው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ካርድ ተለጥፎ አየ። ካርዱ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ ረዳት እንደሚፈልግ የሚገልጽ ነበር። ሥራው በፕሮፌሰር ቫኒቫር ቡሽ የምርምር ቤት ዲፈረንሺያል አናላይዘር የሚባለውን የሒሳብ መኪና መጠበቅና ማንቀሳቀስ ነው። ሻነን አመለከተ፤ ተቀባይነትም አገኘ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተቀጠረው ተመራማሪ ተብሎ አዲስ ነገር እንዲያገኝ ሳይሆን መኪና እንዲጠብቅ ነው።

ይህ መኪና በዘንግ፣ በጥርስና በተሽከርካሪ የሚሠራና ክፍሉን የሚሞላ ታላቅ መሣሪያ ነበር። የሚቆጣጠረው ግን መቶ ያህል ሪሌ ያለበት የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ሪሌ ማለት በእጅ ፈንታ በኤሌክትሪክ ጉልበት የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በዚያን ጊዜ በስልክ ማዞሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ መስመር የሚዘረጉት መሐንዲሶች የሚመሩት በልምድና በሙከራ ነበር። አንዱን ያገናኛሉ፣ ሌላውን ይነቅላሉ፣ ሲሠራ ይተዉታል። መስመሩ ለምን እንደ ሠራ፣ ባነሰ ዕቃም ሊሠራ ይችል እንደሆነ የሚናገር ሕግ በእጃቸው አልነበረም።

ሻነን ይህን ሲመለከት ቡልን አስታወሰ። ሪሌ ሁለት ጠባይ ብቻ አለው፤ ወይም ክፍት ነው፣ ወይም ዝግ ነው። የቡልም ቃል እንዲሁ ወይም እውነት ነው፣ ወይም ሐሰት ነው። ሁለት ማብሪያዎች በአንድ ሽቦ ላይ ተከታትለው ቢቀመጡ መብራቱ የሚበራው አንደኛው «እና» ሁለተኛው ሲበሩ ነው። ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግን አንደኛው «ወይም» ሁለተኛው ሲበራ ይበራል። እንዲህ ከሆነ መስመሩን በወረቀት ላይ እንደ ሒሳብ መጻፍና እንደ ሒሳብ ማሳጠር ይቻላል ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናሳይ። አንድ ሰው «ሀ ሲበራ፣ ወይም ሀ እና ለ አብረው ሲበሩ መብራቱ ይብራ» ብሎ ሦስት ማብሪያዎች ሊገጥም ይችላል። በቡል ሒሳብ ቢሰላ ግን «ሀ ወይም (ሀ እና ለ)» ማለት «ሀ» ማለት ብቻ ነው። ሀ ከበራ መብራቱ ይበራል፤ ሀ ካልበራ ለ ብቻውን ምንም አያደርግም። ስለዚህ ሁለቱ ማብሪያዎች ትርፍ ናቸው፤ አንዱ ይበቃል። ይህን በሦስት ማብሪያ በዓይን ማየት ቀላል ነው። በመቶ ሪሌ ግን ያለ ሒሳብ የሚቻል አይደለም።

ይህን አሳብ በ1937 ለማስተርስ ዲግሪው ጽፎ አቀረበ፤ በ1938ም በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ታተመ። ጽሑፉን ሲጽፍ 21 ዓመቱ ነበር። ከምሳሌዎቹ መካከል ቁልፎቹ በተወሰነ ተራ ሲነኩ ብቻ የሚከፈት የኤሌክትሪክ ቁልፍና በ1 እና በ0 ብቻ የሚደምር መሣሪያ ይገኙባቸዋል። ዛሬ በየኪሳችን የምንይዘው ስልክና በየቤተ ሙከራው ያለው ኮምፒዩተር የሚያስቡት በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ በሪሌ ፈንታ ትራንዚስተር መተካቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩን እናጎድላለን። በዚያው ዘመን በጃፓን አኪራ ናካሺማ፣ በሶቪየት ኅብረትም ቪክቶር ሼስታኮቭ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ወደዚሁ አሳብ ደርሰው ነበር። ይህ የሻነንን ዋጋ አይቀንስም። የሚያስተምረን ጥያቄው በአንድ አገር ግድግዳ ውስጥ ተቈልፎ ያልነበረ መሆኑን ነው። ሪሌ ባለበት ሁሉ ጥያቄው ነበረ፤ ያገኙትም ቆም ብለው የጠየቁት ናቸው። አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ይስማማል።

ሁለተኛው የሻነን ሥራ ደግሞ ትዕግሥትን ያስተምረናል። በ1939 ለፕሮፌሰር ቡሽ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሌላው ሥራው ጎን ለጎን መልእክት ከቦታ ወደ ቦታ የሚተላለፍበትን ጠቅላላ ሕግ እየመረመረ መሆኑን ገልጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ለዶክተርነት የሚጽፈው ግን ስለ ዘር ውርስ ሒሳብ ነው፤ በ1940ም ዲግሪውን ተቀበለ። በ1941 በቤል የምርምር ቤት ገባ፤ ጦርነትም ስለ ነበር መድፍን ስለ ማነጣጠርና ስለ ምስጢር ጽሕፈት እንዲሠራ ተደረገ። ያን የቀድሞ ጥያቄውን ግን አልጣለውም። በ1948 ስለ መልእክት ማስተላለፍ የጻፈው ሥራ ሲታተም ከደብዳቤው ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር።

የዚህ ሥራ ፍሬ በአጭሩ ይህ ነው። መልእክት ምንም ይናገር ምን፣ መጠኑ ሊለካ ይችላል። አንድ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረን ሰው ይሁን አንበሳ ለማስታወቅ የሚያስፈልገው አንድ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው፤ ይህ መለኪያ ቢት ተባለ። ደግሞም ከምንጽፈው ፊደል ብዙው ትርፍ ነው። በቴሌግራም «ኢት-ጵያ» ተብሎ አንድ ፊደል ቢጠፋ ተቀባዩ የጠፋችውን ፊደል ራሱ ይሞላታል። ሁካታ በበዛበት ገበያ መካከል የምንነጋገር ሰዎች ቃላችንን የምንደጋግመው ይህን ትርፍ ለመጨመር ነው። ብዙ ሰው ሁካታው በበዛ መጠን ስሕተትን ለመቀነስ ፍጥነትን ያለ ገደብ መቀነስ ግድ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ሻነን ግን እያንዳንዱ መስመር የተወሰነ አቅም እንዳለው፣ ከዚያ አቅም እስካላለፍን ድረስም መልእክቱን በብልሃት በመቀመር ስሕተቱን የፈለግነውን ያህል ማሳነስ እንደሚቻል በሒሳብ አረጋገጠ። በ2019 ወደ ሰማይ የተላከችው የመጀመሪያዋ የአገራችን ሳተላይት ፎቶግራፍ ወደ እንጦጦ ስትልክ የታዘዘችው ለዚሁ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። «ሻነን በሀብታም አገር ተወለደ፤ እኛ መሣሪያ የለንም» የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የቡሽ መኪና፣ የቤል የምርምር ቤት ገንዘብ፣ ለረዳቱ የሚከፈለው ደመወዝ ሁሉ ድርሻ ነበራቸው፤ ሻነን ብቻውን ከሜዳ አልበቀለም። ለመሣሪያ መጮኻችንንም ማቆም አይገባንም። ሆኖም በ21 ዓመቱ የሠራው ሥራ የጠየቀው እርሳስ፣ ወረቀትና ከሌላ የትምህርት ክፍል የተገኘ ዕውቀት ነው። ያ መኪና ዛሬ በሙዚየም የሚቀመጥ ዕቃ ሆኗል፤ ጥያቄው ግን ዓለምን ለወጠ።

ሌላውም «ቤተሰቦቻችን ምረቃችንን ይጠብቃሉ፤ ታናናሾቻችንን ማስተማር አለብን» ይላል። ይህን ደግሞ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ሻነንም የሄደው ደመወዝ ወዳለበት ሥራ ነው። ሥራውን ትቶ ምርምር አልፈለገም፤ በሥራው ውስጥ ምርምርን አገኘ። ከመካከላችን አንዱ ነገ በመብራት ኃይል፣ ሌላው በቴሌ፣ ሌላው በፋብሪካ ይቀጠር ይሆናል። በየሄደበት መቶ ሪሌ ይጠብቀዋል፤ ማለትም ሁሉም የሚሠራበትና ማንም ለምን ብሎ ያልጠየቀው ነገር አያጣም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፤ ከመማሪያ ደብተር ሌላ የጥያቄ ደብተር እንያዝ፤ በቤተ ሙከራ ያልሠራልንን ነገር «ተበላሽቷል» ብለን ከመተው ለምን እንዳልሠራ እንጻፍ። ሁለተኛ፤ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ከክፍላችን ውጭ የሆነ ትምህርት እንከታተል፤ ፍልስፍናም ይሁን ሥነ ሕይወት ወይም ቋንቋ፣ ለሪሌው መፍትሔ የሚመጣው ከየት እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም። ሦስተኛ፤ ያገኘነውን እንጻፍ። ሁለት ገጽም ቢሆን በዚህ በኅብረታችን ጋዜጣ ይውጣ። ያልተጻፈ አሳብ ከባለቤቱ ጋር ተመርቆ ይሄዳል።

ክቡራን መምህራኖቻችንንም በትሕትና ሦስት ነገር እንለምናለን። ተበላሽተው በዕቃ ቤት የተቀመጡ መሣሪያዎች ካሉ፣ በኃላፊ እየተጠበቁ ተማሪዎች ፈተው እንዲያጠኑአቸው ይፈቀድ፤ ከሚሠራ መሣሪያ ይልቅ የተበላሸው ብዙ ያስተምራልና። የመመረቂያ ሥራ ርእስ በመጨረሻው ወራት ከሚታደል፣ ተማሪው የራሱን ጥያቄ ይዞ የሚቀርብበት ጊዜ አንድ ዓመት አስቀድሞ ይወሰን። እንዲሁም ረዳት የሚፈልግ መምህር፣ ሥራው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ በሰሌዳው ላይ ይለጥፍልን። በ1936 ያን ካርድ በግድግዳ ላይ የለጠፈው ሰው ትንሽ ሥራ የሠራ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ካርዱ ባይለጠፍ ያ ወጣት ወደዚያ መኪና የሚደርስበት መንገድ ምናልባት አይከፈትም ነበር።

እንግዲህ ጥረቱ ከተማሪው፣ በሩን መክፈት ከትምህርት ቤቱ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ሻነን በ2001 በ84 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሥራው ግን በየኪሳችን ሲሠራ ይውላል። እርሱን በማድነቅ ብቻ ብንለያይ ይህ ስብሰባ ፍሬ አይኖረውም። ኅብረታችን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የጥያቄ ቦታ» የሚባል አንድ ማዕዘን እንዲለይልን ሐሳብ አቅርበናል። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ እኛ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች በዚያ እንለጥፋለን፤ እናንተም መልሱን ብቻ ሳይሆን የራሳችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ኑ።