የማሽኑ ሰዓትና የባለቤቱ ሰዓት፦ ስለ ቤት ዲቪዲ መቅጃዎችና አብሯቸው ስለሚመጣው የፕሮግራም መመሪያ



የዚህ ተከታታይ ገለጻ አስተባባሪ ርእስ እንድሰጣቸው በጠየቁኝ ጊዜ «ስለ አንድ አሮጌ ዲቪዲ መቅጃ» ብላቸው ለአፍታ ዝም አሉ። ዝምታቸው ተገቢ ነበር። በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ጥቁር ሣጥን ያ መሣሪያ ነው። ያልሰካሁት ረስቼ አይደለም፤ የተሠራው ለ110 ቮልት ስለሆነ በዚህ አዳራሽ 220 ቮልት ላይ ብሰካው ገለጻዬ በጭስ ይጀመር ነበር።

መሣሪያውን የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2005 ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት አሜሪካ ሳለሁ፣ ከረዳት መምህርነት ደመወዜ በቆጠብኩት ገንዘብ ነው። በጊዜው የቅንጦት ዕቃ ነበር። ሁለት ነገሮች አማልለውኛል። አንደኛው የቪዲዮ ዴክን ካሴት ትቶ በዲስክ መቅዳቱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሳምንቱን የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች በሙሉ በሠንጠረዥ የሚያሳይ፣ አንዱን በሪሞት መርጠው ሲጫኑት ራሱ ሰዓቱን ጠብቆ የሚቀዳ መመሪያ በውስጡ መያዙ ነው። ዛሬ የምናገረው በአብዛኛው ስለ ሁለተኛው ነው። ባለቤቶችን ያስደሰተውም ያስለቀሰውም እርሱ ነውና።

ከመመሪያው በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሶኒ ቤታማክስን እ.ኤ.አ. በ1975፣ ጄ.ቪ.ሲ. ደግሞ ቪ.ኤች.ኤስ.ን በ1976 ለገበያ ሲያቀርቡ ለቤተሰብ የሰጡት አዲስ ሥልጣን ነበር፤ የጣቢያውን ሰዓት ወደ ራስ ሰዓት የማዛወር ሥልጣን። ፊልም ሠሪዎች በዚህ ተቆጥተው ክስ መሥርተው ነበር። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1984 ዳኞቹ በአምስት ለአራት ድምፅ ብልጫ አንድ ሰው በኋላ ሊያየው በቤቱ ቢቀዳ የባለመብቱን መብት አይነካም ብለው ወሰኑ። አንድ ዳኛ ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ ይህ ሣጥን ዛሬ እዚህ ባልኖረ።

ሕጉ ቢፈቅድም እጅ አልታዘዘም። ቪዲዮ ዴክን ቀን፣ ቻናል፣ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት ነግሮ ማዘዝ ብዙ ሰው ያልተሳካለት ጥበብ ነበር። ባለ 12 ሰዓቷ ቁጥር በየሳሎኑ ስትብለጨለጭ የኖረችው ሰዓት ማስተካከል እንኳ ስላስቸገረ ነው። ጀምስታር የተባለው ኩባንያ በ1990 ገደማ ለዚህ መላ አመጣ፤ በጋዜጣ ላይ ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ጎን ጥቂት አኃዞች ይታተማሉ፣ ባለቤቱ እነርሱን ብቻ ይመታል፣ ማሽኑ ቻናሉንና ሰዓቱን ከቁጥሩ ይፈታል። ኋላ ይኸው ኩባንያ ከ1953 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ይታተም የነበረውን ቲቪ ጋይድ መጽሔት የያዘውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ጠቀለለ። ሠንጠረዡም ከወረቀት ወጥቶ ወደ መቅጃዎቹና ወደ ቴሌቪዥኖቹ ውስጥ ገባ።

እንዴት ገባ? የመጽሔት ስርጭት የለም፣ ያኔ ከሳሎን ዕቃ ጋር የተያያዘ ኢንተርኔትም የለም። የድሮው አናሎግ ቴሌቪዥን ምስል በስክሪን ላይ መስመር በመስመር ይሣላል፤ አንዱ ምስል አልቆ ሌላው እስኪጀምር ለዓይን የማይታዩ ጥቂት ባዶ መስመሮች ያልፋሉ። መመሪያው በአካባቢው ካሉ ጣቢያዎች በአንዱ ስርጭት ላይ፣ በእነዚያ ባዶ መስመሮች ተሳፍሮ ጠብታ በጠብታ ይደርሳል። ስለዚህ ነው መመሪያ መጽሐፉ ባለቤቱን «ዚፕ ኮድህን አስገባ፣ ማሽኑን አጥፋ፣ እስከ 24 ሰዓት ጠብቅ» የሚለው። አብርተው ከተቀመጡ አይሞላም! ለአዲስ ዕቃ ለጓጓ ሰው ይህ ፈተና ነበር። እኔ ራሴ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥቼ አብርቼ አይቼዋለሁ፤ በዚያም ሞሊቱን አዘግይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የ8 ቀን ፕሮግራም በስም፣ በሰዓት፣ በአጭር መግለጫ ተሰድሮ አገኘሁት። በግራ በኩል ማስታወቂያ ነበረበት። ወርኃዊ ክፍያ ያልነበረው ለዚህ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቶ ነው።

ሲሠራ ግሩም ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆናል። በሚያብለጨልጭ ሰዓት ለሃያ ዓመት የተሸነፈ ሰው በአንድ ጣት መቅዳት ቻለ። የባለቤቶች ምሬት የሚጀምረው ማሽኑ ከሌላ ማሽን ጋር መነጋገር ሲኖርበት ነበር። የኬብል ኩባንያው ሣጥን ካለ መቅጃው ቻናሉን ራሱ መለወጥ አይችልም፤ ስለዚህ ጫፏ ላይ እንደ ሪሞት ጨረር የምትልክ አምፖል ያላት ቀጭን ሽቦ ተሰጠች። እርሷን ከሣጥኑ ፊት በፕላስተር ማጣበቅ ነው። ሽቦዋ በመጥረጊያ ተነክታ ጣት ያህል ከፈቀቀች መመሪያው የተመረጠውን ፊልም ስም በዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ውስጡ ግን የሌላ ቻናል የምግብ አሠራር ይሆናል። ርእሱ ትክክል፣ ይዘቱ ሌላ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ትልቁ ችግር ግን ከሽቦ አይመጣም። መመሪያው የሚያውቀው ጣቢያው ሊያደርግ ያቀደውን እንጂ እያደረገ ያለውን አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን 1968 የአሜሪካው ኤን.ቢ.ሲ. የኦክላንድና የኒው ዮርክ ቡድኖች የእግር ኳስ (የእነርሱን እግር ኳስ ማለቴ ነው) ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አቋርጦ በመርሐ ግብሩ መሠረት «ሃይዲ» የተባለ የልጆች ፊልም አሳየ። ተመልካች ሳያይ ኦክላንዶች በመጨረሻዋ ደቂቃ ሁለት ጊዜ አስቆጥረው 43 ለ 32 አሸነፉ። ቁጣው ከባድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋታ እስኪያልቅ ይታያል፣ የሚቀጥለው ፕሮግራም ይገፋል። ለተመልካች መልካም ሆነ፤ ለሰዓት ታዛዥ ለሆነ መቅጃ ግን መከራ ነው። የእሑድ ምሽት ዜና መጽሔት ቀዳሁ ያለ ሰው መጀመሪያው የኳስ መጨረሻ ሆኖ፣ መጨረሻው ተቆርጦ ያገኘዋል። ልምድ ያላቸው ባለቤቶች በመጨረሻው ላይ ሠላሳም ስድሳም ደቂቃ ይጨምሩ ነበር። ማሽኑን የሚያምነው ጀማሪ ነው።

ጀርመኖች ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ መንገድ መርጠው እንደነበር ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 በጀመሩት ቪ.ፒ.ኤስ. በተባለው ዘዴ ጣቢያው እያንዳንዱ ፕሮግራም በእውን ሲጀምር መለያ ቁጥሩን በማይታየው መስመር ይልካል። መቅጃው ሰዓት አይጠብቅም፤ መለያውን ይጠብቃል። ፕሮግራሙ አርባ ደቂቃ ቢዘገይ አርባ ደቂቃ ቆሞ ይጠብቀዋል። ልዩነቱ የቴክኒክ ብልጫ ጉዳይ አይመስለኝም። በጀርመን መለያውን ይልኩ የነበሩት ጣቢያዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በአሜሪካ ሠንጠረዡን የሚያዘጋጀው የፕሮግራሙም የመቅጃውም ባለቤት ያልሆነ ሦስተኛ ወገን ነው። ጣቢያው ቢዘገይ ለእርሱ የሚነግረው የለም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። በምኖርበት ከተማ ለነዋሪዎች ክፍት የሆነ የኬብል ቻናል ነበር፤ የየአገሩ ተወላጅ ማኅበረሰብ በተራ ይገለገልበታል። የእኛ ሰዎች በየእሑዱ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ በአገሩ አቆጣጠር 11 ሰዓት፣ የአንድ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም ነበራቸው። በመመሪያው ላይ ግን ይህ ፕሮግራም የለም። ሠንጠረዡን ለሚያዘጋጀው ኩባንያ የነገረ አልነበረም፤ ኩባንያውም አልጠየቀም። ስለዚህ የቻናሉ ረድፍ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ረጅም ግራጫ ሣጥን ነው፤ በላዩ «ወደፊት የሚገለጽ» የሚል ብቻ ተጽፎበታል። በስም መፈለግ አይቻልም። ለመመሪያው እኛ አልነበርንም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 አጎቴ በዚያ ፕሮግራም ላይ ቃለ መጠይቅ ሊሰጥ ሆነ። በወጣትነቱ የገጠር አስተማሪ የነበረ፣ በኋላ በሱዳን በኩል የተሰደደ፣ ስለዚያ ጉዞ በቤተሰብ ፊት አንድም ቀን አፍ አውጥቶ ያልተናገረ ሰው ነው። ባለቤቱ ለየዘመዱ ደውላ «በ5 ሰዓት ነው፣ ቅዱት» አለች። እዚያው ተወልዶ ያደገው የአክስቴ ልጅ ከቀኑ 5 ሰዓትን በአሜሪካ 5 ሰዓት ተርጉሞ አመሻሹ ላይ ቀዳ። በእርሱ አልፈርድም፤ በሁለት ሰዓት አቆጣጠር መካከል የሚኖር ቤተሰብ ይህን ግብር ይከፍላል። እኔ ግን ሊቅ ነኝና ግራጫውን ሣጥን መርጬ፣ ከ11 እስከ 12 ብዬ አዝዤ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ስመለስ ያገኘሁት የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ።

ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አሜሪካኖች በ2005 ባወጡት የኃይል ሕግ የበጋ ሰዓት የሚጀመርበትን ቀን ከሚያዝያ መጀመሪያ ወደ መጋቢት ሁለተኛ እሑድ አምጥተውት፣ ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጸመው በዚያው እሑድ፣ መጋቢት 11 ቀን 2007 ነው። የእኔ መቅጃ የድሮው ቀን በፋብሪካ ተጽፎበታል። አገሩ ሁሉ ሰዓቱን አንድ ወደፊት ሲገፋ እርሱ ባለበት ቀረ፤ የእርሱ 11 ሰዓት የሌላው ሰው 12 ሰዓት ሆነ። በየኩሽናው ያለ ሰዓት በእጅ ይስተካከላል። ይህኛው ግን «ሰዓቴን እኔ ራሴ አውቃለሁ» ብሎ የተሠራ ነው፤ በእጄ ባስተካክለው በማግሥቱ ወደ ራሱ ይመልሰዋል።

ደግነቱ ፕሮግራሙ በሳምንቱ ተደገመ። አንድ ሰዓት ቀድሜ በ10 ሰዓት አዘዝኩት፤ ተቀዳ፤ ወደ ዲስክ አዛወርኩት። በመጨረሻ ማድረግ የነበረብኝን ግን አላደረግኩም። በቤት የተቀዳ ዲስክ በሌላ ማጫወቻ እንዲነበብ መታሸግ አለበት፤ ማሽኑ የይዘቱን ማውጫ ጽፎ ይዘጋዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ካልታሸገ ብዙውን ጊዜ የሚያነበው የቀዳው መሣሪያ ብቻ ነው። ቦታ ስለተረፈው ሌላ እጨምርበታለሁ ብዬ ተውኩት። አጎቴ በ2009 አረፈ። ለተዝካሩ ዲስኩን ወደ አዲስ አበባ ስልክ በማንም ማጫወቻ ላይ ባዶ ሆነ።

ይህ ሣጥን ውቅያኖስ የተሻገረው ለዚህ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ከመጻሕፍቴ ግማሹን ትቼ እርሱን ያዝኩ። እዚህ ቻናሎቻችንን መያዝ አይችልም፤ የአሜሪካው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ነው፣ የእኛ ስርጭት ደግሞ ፓል ነበር። መመሪያው ከዚያ ቀን ወዲህ «መረጃ በመጠበቅ ላይ» ይላል። ከመርካቶ ትራንስፎርመር ገዛሁ። የማሸጉ ሥራ በመሐሉ መብራት ቢጠፋ ዲስኩ ሊበላሽ እንደሚችል ስለማውቅ ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ እስካገኝ አራት ወር ጠበቅሁ። ታሸገ፤ ተባዛ። የአጎቴ ልጆች የአባታቸውን ድምፅ ሰሙ፤ ስለ መተማ በረሃ የሚናገረውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ።

በአሜሪካ የቀሩት መሰል መቅጃዎች ዕጣ ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2009 አናሎግ ስርጭት ተዘጋ፤ የማይታዩት ባዶ መስመሮችም አብረው ሄዱ። የመመሪያው ኩባንያ በ2008 ለማክሮቪዥን ተሸጠ። ማክሮቪዥን የወረቀቱን መጽሔት በዚያው ዓመት በአንድ ዶላር፣ ከአንድ ቅጂው ዋጋ በታች ማለት ነው፣ ለሌላ አሳልፎ ሰጠው፤ የሠንጠረዡን መረጃና የባለቤትነት ፈቃዶቹን ግን ለራሱ አስቀረ። ምን ዋጋ እንዳለው ያውቅ ነበር። በመቅጃዎች ውስጥ ያለው መመሪያ በ2013 ተቋረጠ። ዕቃውን በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው አንድ ማለዳ ተነሥቶ ባዶ ሠንጠረዥ አገኘ። ለኬብል ኩባንያ በየወሩ ኪራይ የሚከፍል ጎረቤቱ መመሪያ አልጎደለበትም። በጃፓን ግን መመሪያው እ.ኤ.አ. ከ2003 በጀመረው ዲጂታል ስርጭት ውስጥ ጣቢያዎቹ ራሳቸው የሚልኩት ስለሆነ የዲስክ መቅጃ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት የቤት ዕቃ ሆኖ ቆይቷል።

እኛስ? ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በሳተላይት ሪሲቨራችሁ ሪሞት ላይ የመመሪያውን ቁልፍ ተጫኑና የአማርኛ ቻናሎቻችንን ተመልከቱ። በእኔ ቤት ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። ቦታው በስርጭቱ ውስጥ አለ፤ የሚሞላው ሰው ነው የጠፋው። ከሞሉት መካከልም የምሽቱን 2 ሰዓት ዜና 20 ሰዓት ብሎ የሚያሳይ እንጂ 2 ሰዓት የሚል አላየሁም። ይህን ለመሥራት የሚፈልግ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው።

ከመድረኩ ከመውረዴ በፊት ዲስኩን ላሳያችሁ፤ ይህ ዋናው ነው። በማንኛውም ማጫወቻ ሲከፈት በርእሱ ቦታ የሚመጣው ከግራጫው ሣጥን የወሰደው ጽሑፍ ነው፦ «ወደፊት የሚገለጽ»። ከማሸጌ በፊት መለወጥ እችል ነበር፤ አልለወጥኩትም። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ከኋላ እጃቸውን ካወጡት እንጀምር።