ክሊኒክ ሲዘጋ በቤቱ የሚቀረው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በጎንደር ከተማ የግል ክሊኒክ ሲከፈት መሐንዲስ ይጠራል። የክፍሎቹ ስፋት ይለካል፤ የራጁ ክፍል ግድግዳ ውፍረት ይሰላል፤ የውሃውና የፍሳሹ መስመር ይታያል። ባለቤቱ በሞት ሲለይ ወይም ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ግን የሚጠራው ደላላ ነው።

ሕጉ በመዝጊያው ጊዜ ዝም አላለም። የብቃት ማረጋገጫው ለሰጠው የጤና መሥሪያ ቤት ይመለሳል፤ የንግድ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ግብር ተጣርቶ ይከፈላል። ሠራተኞችም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ ከሥራ ስንብት ክፍያ ሌላ የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዛቸው በ60 ተባዝቶ ይከፈላቸዋል። ይህን ሁሉ ጠበቃና የሒሳብ ሠራተኛ ይጨርሱታል። በቤቱ ውስጥ የሚቀረውን የሚያይ ግን አይገኝም።

ከሁሉ አስቀድሞ የራጅ መሣሪያው አለ። ብዙ ሰው እንደሚፈራው ሳይሆን፣ ኤሌክትሪኩ የተቋረጠበት ራጅ ጨረር አይወጣውም። አደጋው የሚመጣው ሳይመዘገብ ተሽጦ የእርሳስ መከለያ በሌለው ሌላ ክፍል ሲተከል ነው። ስለሆነም መሣሪያው ከማን እጅ ወደ ማን እንደሚተላለፍ የጨረር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ዝምታው ምን እንደሚያስከትል በብራዚል ታይቷል። በጎያኒያ ከተማ አንድ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ቦታ ሲለውጥ፣ ሲዚየም 137 ያለበትን መሣሪያ ለተቆጣጣሪው ሳያስታውቅ በአሮጌው ሕንፃ ትቶት ሄደ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በመስከረም 1980 ዓ.ም.፣ ሁለት ሰዎች ብረቱን ለመሸጥ ነቅለው ወሰዱት። 4 ሰዎች ሞቱ፤ 112,000 ያህል ሰዎች ሲመረመሩ 249ኙ ተበክለው ተገኙ።

በጎንደር ተራ ክሊኒክ ሲዚየም የለም። ያለው መርፌ ነው። የመርፌው ጉድጓድ በሲሚንቶ ታሽጎ ቦታው በግቢው ፕላን ላይ ካልተመለከተ፣ ነገ መሠረት የሚቆፍረው የቀን ሠራተኛ በባዶ እጁ ያገኘዋል።

የሕመምተኞቹ ካርድስ? ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ በመሆኗ የደጋው ሕዝብ ለሕክምና ወደ እርሷ መምጣት ልማዱ ነው። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የደረሰ ሕመምተኛ የተዘጋ በር ካገኘ፣ የምርመራ ውጤቱና የጀመረው መድኃኒት መዝገብ ከበሩ በስተጀርባ ቀረ ማለት ነው። በሩ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ለፒያሳ ነዋሪ ይበቃ ይሆናል፤ ለጃናሞራ ገበሬ ግን ምንም አይፈይድም። ካርዶቹን የተረከበው ተቋም ስም ከመዝጊያው ቀን በፊት ለየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢላክ፣ ሕመምተኛው መኪና ከመሳፈሩ በፊት ወሬው ይደርሰዋል።