ስለ ነዳጅ ማቆያ፦ ለረጅም ጊዜ በሚቆም የስፖርት መኪና ውስጥ ቤንዚን ምን ይሆናል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግር ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ባልደረባዬ «ሰው ለቤንዚን ተሰልፎ በሚውልበት ከተማ ስለማይነዳ የስፖርት መኪና ልታወራ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አጭር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ በገዛ እጄ ያበላሸሁት መኪና አለ፤ ያበላሸሁትም የነዳጅ ቃጠሎን በዶክትሬት ደረጃ በማጠናበት ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመን አገር ነው። አከራዬ ጡረታ የወጡ የትራም መካኒክ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ያፈሰሱት በአንዲት የ1981 ስሪት ፖርሽ 911 ኤስሲ ላይ ነው። መኪናዋ ባለ 3 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ናት፤ 80 ሊትር የምትይዘው የነዳጅ ቋት ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ይህችን የፊትና የኋላ ነገር እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጀርመኖች ከ1997 ጀምሮ የወቅት ሰሌዳ የሚሉት አሠራር አላቸው። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ 04 እና 10 የሚሉ ቁጥሮች ከተጻፉ መኪናዋ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ብቻ መንገድ ላይ እንድትወጣ ይፈቀዳል፤ ግብርና ኢንሹራንስም የሚከፈለው ለእነዚያው ወራት ነው። በቀሩት አምስት ወራት መንዳት ይቅርና በሕዝብ መንገድ ዳር ማቆምም ክልክል ነው። ባለቤቶቹ አይከፉም፤ በክረምት አስፋልቱ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ስለሚበላ፣ የሚወዱትን መኪና ያን ጊዜ የሚያወጣ የለም።

በዚያ ዓመት ኦክቶበር አከራዬ ሆስፒታል ገቡ። ከአልጋቸው ላይ ሆነው በስልክ ያዘዙኝ ሦስት ነገር ነበር፤ ቋቷን በአዲስ ቤንዚን ሙላት፣ መደርደሪያው ላይ ካለው ጠርሙስ በልኩ ጨምርባት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ንዳት። እኔ ምን አደረግሁ? ቋቷ ውስጥ ሩብ ያህል ቤንዚን ነበር፤ ከፀደይ ጀምሮ የቆየ። 60 ሊትር ለመሙላት የተማሪ ኪሴን አየሁና ተውኩት። ጠርሙሱን አፈሰስኩ። መኪናዋን ከግቢው ወደ ጋራዡ አስገባኋት፤ 30 ሜትር ቢሆን ነው። ማታ ደውለው «ነድተሃታል?» አሉኝ። «ነድቻታለሁ» አልኩ።

እንግዲህ ወደ ኬሚስትሪው ልግባ።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነገር የነዳጅ ማረጋጊያ ልንለው እንችላለን። እኔ ግን «ማቆያ» ማለትን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የሚሠራው ሥራ ማቆየት ብቻ ነው። ስሙ በትክክል ቢያዝ ኖሮ ግማሹ ስሕተት አይፈጸምም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቤንዚን አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት የካርቦን አቶም ያላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ከእነዚህ መካከል ኦክስጅን ፈጥኖ የሚያጠቃቸው ድርብ ማሰሪያ ያላቸው ኦሌፊኖች ናቸው። ድፍድፉን በማፍላት ብቻ በተለየ ቤንዚን ውስጥ ኦሌፊን እምብዛም አይገኝም። የሚበዛው ትላልቅ ሞለኪውሎችን በመሰባበር፣ ማለትም በክራኪንግ፣ በተገኘው ቤንዚን ውስጥ ነው። ዊልያም በርተን ይህን ዘዴ በ1913 ለገበያ ካበቃው በኋላ ከአንድ በርሜል ድፍድፍ ብዙ ቤንዚን ማውጣት ተቻለ፤ ከትርፉ ጋር ግን ሲቆይ ሙጫ የሚያበጅ ቤንዚንም አብሮ መጣ።

ሙጫው የሚፈጠረው በሰንሰለት ነው። አንድ ራዲካል ኦክስጅን ይይዝና ፐርኦክሲ ራዲካል ይሆናል። እሱም ከጎረቤቱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ነጥቆ ሃይድሮፐርኦክሳይድ ሆኖ ይቀመጣል፤ የተነጠቀው ጎረቤት ደግሞ በተራው ራዲካል ሆኖ ኦክስጅን ፍለጋ ይወጣል። ሃይድሮፐርኦክሳይዱም ቢሆን ውሎ አድሮ ይሰነጠቅና አዳዲስ ራዲካሎችን ይወልዳል። መዳብ ካለ ይህ ስንጠቃ ይፋጠናል። በመጨረሻ ትላልቅ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለያሉ፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ እንደ ቫርኒሽ ይለጠፋሉ።

ይህን ሰንሰለት መበጠስ እንደሚቻል ያስተዋሉት ሻርል ሙሮ እና ሻርል ዱፍሬስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አክሮሊን የተባለው የሚያስለቅስ ኬሚካል ሲቀመጥ እየተበላሸ ያስቸግር ነበርና፣ እንደ ሃይድሮኪኖን ያለ ፊኖል በጥቂቱ ሲጨመርበት ብልሽቱ እንደሚገታ አገኙ። የዛሬው የነዳጅ ማቆያ ዋና ሠራተኞችም በአብዛኛው ፊኖሎችና ፌኒሊንዲያሚኖች ናቸው። ፊኖሉ ለፐርኦክሲ ራዲካሉ የራሱን ሃይድሮጅን ይሰጠዋል፤ ራሱ ራዲካል ቢሆንም ሰነፍ ራዲካል ስለሚሆን ሰንሰለቱ እሱ ጋ ይሞታል። ጥሩ ማቆያ ከዚህ ሌላ መዳብን አስሮ የሚይዝ ንጥረ ነገርና ዝገት ተከላካይ ይኖረዋል።

እናቶቻችን ይህን ሥራ ያውቁታል። ቅቤ ጠረኑ የሚለወጥበት አንዱ መንገድ ይኸው የኦክስጅን ሰንሰለት ነው፤ እርዱና ሌሎቹ ቅመሞች ደግሞ የራሳቸው ፊኖሎች አሏቸው። ቅቤው የሚነጠረው መቼ ነው? ለጋ ሳለ ነው። ጠረኑ ከተለወጠ በኋላ ኮረሪማ ቢጨምሩበት ጥፋቱን ይሸፍነው እንደሆን እንጂ ቅቤውን ለጋ አያደርገውም። ማቆያም እንደዚሁ ነው። ሃይድሮፐርኦክሳይድ በሞላበት አሮጌ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ራሱን በከንቱ ይጨርሳል፤ የተፈጠረውን ሙጫ መልሶ ወደ ቤንዚን አይለውጥም። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት የባዶው ቦታ ነው። ተማሪዎቼ በመሐንዲስ ዓይን እንድታዩት ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። 80 ሊትር በሚይዝ ቋት ውስጥ 20 ሊትር ቤንዚን ካለ 60 ሊትሩ አየር ነው። በዚያ አየር ውስጥ ወደ 12.6 ሊትር፣ በክብደት 17 ግራም ገደማ፣ ኦክስጅን አለ። አሁን ቋቱን 77 ሊትር ሙሉትና 3 ሊትር ብቻ ክፍት ተዉ፤ ኦክስጅኑ ከአንድ ግራም በታች ይወርዳል። ለአንድ ሊትር ቤንዚን የሚደርሰውን ኦክስጅን ስታካፍሉ ልዩነቱ ከ70 እጥፍ በላይ ነው። ታዲያ የተፈቀደው የሙጫ መጠን በ100 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ በ20 ሊትር ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። የእኔ 17 ግራም ለዚህ ከበቂ በላይ ነበር። በዚያ ላይ የአሮጌ መኪና ቋት በቀን ሙቀት ይተነፍሳል፣ በሌሊት ቅዝቃዜ አየር ይስባል። ሦስቱ ሊትር ለምን ይቀራል ለምትሉ፣ ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፤ 77 ሊትሩ በ20 ዲግሪ ልዩነት ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይጨምራል።

ሦስተኛው ጥፋት ለእኔ ከሁሉ የሚያሳፍረው ነው፤ የትምህርቴ ጥፋት ነውና። ጠርሙሱን ካፈሰስኩ በኋላ «ውሎ አድሮ በራሱ ይዳረሳል» ብዬ ነበር። በፈሳሽ ውስጥ የአንድ ሞለኪውል ዲፊዩዥን መጠን በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮንኛ ካሬ ሜትር ብዙ አይርቅም። አንድ ሜትር ቧንቧ በዲፊዩዥን ብቻ ለመሻገር የሚፈጀውን ጊዜ አስሉት፤ አንድ ቢሊዮን ሰከንድ፣ ይኸውም ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናል። በዚህች መኪና ደግሞ ቋቱ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ቧንቧው የመኪናዋን ርዝመት ያቋርጣል። ስለዚህ ማቆያው ከፊት ተቀምጦ ሳለ፣ ያልታከመው አሮጌ ቤንዚን ከኋላ እጅግ ስስ ከሆኑት ክፍሎች ጋር ቀረ። መኪናዋ ኬ-ጄትሮኒክ የተባለው የቦሽ የነዳጅ አቅርቦት ሥርዓት አላት። በእሱ የነዳጅ ማከፋፈያ ውስጥ አንድ ትንሽ ፒስተን እየወጣና እየወረደ ነዳጁን የሚመጥንባቸው ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ፤ ስፋታቸው ከጥቂት የሚሊሜትር አሥረኛ አያልፍም። ለሙጫ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። ይኸው ሥርዓት ትርፍ ነዳጅን ወደ ቋቱ የሚመልስ በመሆኑ፣ ሩብ ሰዓት ብነዳት ኖሮ የታከመው ቤንዚን እስከ ማከፋፈያው ድረስ ይዳረስ ነበር። አከራዬ ዲፊዩዥን የሚባል ቃል አያውቁም፤ «ንዳት» ያሉኝ ግን ለዚህ ነው።

ማቆያ የማይሠራውን ደግሞ በአጭሩ ልናገር። ትነትን አያግድም፤ ቀላሎቹ ክፍሎች፣ ቡቴንና ፔንቴን፣ ከተነፉ በኋላ ሞተሩ በብርድ ለመነሣት ያስቸግራል። ውኃንም በቁም ነገር አይከላከልም። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ውኃ ይስባል፤ 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ድብልቅ በ15 ዲግሪ ገደማ ከግማሽ በመቶ በላይ ውኃ ካገኘ ለሁለት ይከፈላል፤ ውኃውና ኢታኖሉ ከታች ይዘቅጣሉ፣ ከላይ የሚቀረው ቤንዚን የኦክቴን ቁጥሩ ይወርዳል። ይህ እኛንም ይመለከታል፤ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ መቀላቀል የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነበር። ጀርመኖችም በ2011 10 በመቶውን ድብልቅ ወደ ማደያ ካስገቡ ወዲህ፣ መኪናውን ለክረምት የሚያስቀምጥ ሰው ኢታኖሉ ያነሰውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሁሉም ማቆያ ያስፈልገዋል ወይ? እኔ አይመስለኝም። ቋቱ በደንብ የታሸገ ዘመናዊ መኪና በአዲስ ቤንዚን ተሞልቶ በቀዝቃዛ ጋራዥ አምስት ወር ቢቆም ብዙውን ጊዜ ያለ ምንም ጠርሙስ ይነሣል። ዓመት የሚያልፍ ከሆነ ወይም መኪናው አሮጌ ከሆነ ግን ማቆያው ዋጋውን ያወጣል። በአሜሪካ የታወቀው ስታ-ቢል በመለያው ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ለ9.5 ሊትር ቤንዚን ይበቃል ይላል፤ እስከ 24 ወርም እንደሚያቆይ ይገልጻል። ይህ የአምራቹ ቃል ነው። የአውሮፓው መለኪያ ቤንዚንን በ100 ዲግሪ ሙቀትና በ7 ባር ገደማ የኦክስጅን ግፊት ፈትኖ ቢያንስ 360 ደቂቃ እንዲቋቋም ይጠይቃል። ከዚያ ተነሥቶ «በጋራዤ ይህን ያህል ወር ይቆያል» ማለት ግን አይቻልም፤ ሙቀቱም፣ ግፊቱም፣ ቤንዚኑም ይለያያልና።

በነገራችን ላይ እዚህ ከተማ ዘመዶቻቸው ከውጭ እስኪመጡ በሸራ ተሸፍነው የሚቆሙ መኪኖችን ጠባቂው በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ እያስነሣ ያጠፋቸዋል። በቅን ልቦና ነው። ነገር ግን አንድ ኪሎ ቤንዚን ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ በላይ ውኃ ይፈጠራል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ ከዚያ የተወሰነው በጭስ ማውጫውና በዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ወይ በደንብ ይነዳ፣ ወይ ጨርሶ አይነካ።

ወደ አከራዬ ልመለስ። ሕመማቸው ተራዘመና መኪናዋ ለአንድ ክረምት ብቻ ሳይሆን 18 ወር ቆመች። በ2005 ኤፕሪል በከዘራ ተደግፈው ጋራዡን ሲከፍቱ የቀለም ቤት የሚመስል ሽታ ተቀበለን። ሞተሩ አልተነሣም። የነዳጅ ማከፋፈያው ሲፈታ ፒስተኑ ተጣብቆ ነበር፤ ኢንጀክተሮቹም እንዲሁ። ማከፋፈያው ታድሶ፣ ቋቱ ታጥቦ፣ መኪናዋ እስክትመለስ ኦክቶበር አለቀ። ሰሌዳው 04–10 ነው፤ ያን ዓመት መንገድ አልወጡባትም። ጋራዡ ውስጥ በሩን ከፍተው ሞተሩን አስነሡት፤ መሪውን ይዘው እስኪሞቅ ድረስ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ኤፕሪል እሳቸው አልነበሩም።

በዚያ ዕለት ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ከመኪናዋ ኪስ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥተው ሰጡኝ። በየዓመቱ መኪናዋን ሲያስቀምጡ የሚሞሉት ነው፤ ቀን፣ የተቀዳ ሊትር፣ የማቆያ ሚሊ ሊትር፣ ከመንዳት በፊትና በኋላ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ። በ2003ቱ መስመር ላይ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት የጻፉት ንባብ አለ። በአጠገቡ፣ በዚያው በኤፕሪል ጋራዡን በከፈቱ ዕለት በሌላ ቀለም የጻፉት ሁለተኛ ንባብ አለ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው። አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ደብተሯ ይኸውና። ማየት የምትፈልጉ ከዚህ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ታገኟታላችሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።