ሚሊሜትርን በኤሌክትሪክ ስለ መለካት



የዛሬው ንግግሬ ኤል.ቪ.ዲ.ቲ. ስለምትባል አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው። ሥራዋ የአንድን ነገር መግፋትና መሳብ ወደ ቮልት ለውጣ መናገር ነው።

ከአዲስ አበባ ዋልካ አፈር ልጀምር። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራውንም ቀላል ቤት ግድግዳ ይተረትራል። ስለዚህ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የአፈሩ ናሙና በብረት ቀለበት ውስጥ ገብቶ፣ ጭነት ተደርጎበት ውሃ ይጠጣል፤ ምን ያህል እንዳበጠም ይለካል። እብጠቱ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ሰዓት በሚመስለው ባለ መርፌ መለኪያ የሚሠራ ተማሪ ሌሊት ሳይቀር እየተነሣ ማንበብ አለበት፤ እንቅልፍ የጣለው እንደ ሆነ ያ ንባብ ተመልሶ አይገኝም። ኤል.ቪ.ዲ.ቲ. ከመዝጋቢ ጋር ከተያያዘች ግን ሌሊቱን እርሷ ታድራለች።

አሠራሯ እንዲህ ነው። በአንድ ቱቦ ላይ ሦስት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። መካከለኛው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ይሰጠዋል፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቮልት ሆኖ በሰኮንድ ከ1000 እስከ 10000 ጊዜ የሚመላለስ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ እኩል ተጠቅልለው፣ የአንዱ ቮልት የሌላውን እንዲቃወም ሆነው ተያይዘዋል። በቱቦው ውስጥ፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ ከሚለካው ነገር ጋር የታሰረ የብረት ዘንግ ይመላለሳል። ዘንጉ እመካከል ሲቆም ሁለቱ ቮልቶች ይጣፋሉ፤ ወደ አንዱ ወገን ሲሄድ የዚያኛው ይበልጣል፤ ልዩነቱም በተሄደው ርቀት ልክ ያድጋል። ግራ ይሁን ቀኝ የሚታወቀው የሚወጣው ሞገድ ከሚገባው ጋር አብሮ መነሣቱን ወይም በተቃራኒው መውደቁን በማየት ነው።

እኔ ከሁሉ የምወድላት አለመርሳቷን ነው። እየቆጠሩ የሚለኩ አንዳንድ መሣሪያዎች መብራት ሲጠፋ ቁጥራቸው ይጠፋባቸዋል። እርሷ ግን መብራቱ እንደ ተመለሰ ዘንጉ የቆመበትን ትናገራለች፤ የጠፋው የመካከሉ ንባብ ብቻ ነው። በላዩ እየተንሸራተተ የሚለካው ተቃዋሚ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በመፋቅ ያልቃል። በአውሮፕላን መሪ ክፍሎችና በእንፋሎት ተርባይን ቫልቮች ላይ እርሷን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ልዩነቱ ከርቀቱ ጋር እኩል የሚያድገው በተወሰነላት መጠን ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቢያልፍም በኮምፒዩተሩ ላይ ያማረ ቁጥር መታየቱ አይቀርም! ስለዚህ ከሙከራው በፊት ከማይክሮሜትር ጋር አስሮ በየሚሊሜትሩ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀን ማታ ከመጠራጠር ይሻላል።

ቱቦዋ የተከፈተ አንዲት አሮጌ መሣሪያ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ሦስቱን ጥቅሎች ለማየት የምትፈልጉ ወደ ፊት ቅረቡ።