መንግሥት በየቤቱ የገባበት ዘመን

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ የተነገረ ቃል



ዮሴፍ በጥጋብ ዓመታት እኽል አከማችቶ በራብ ዓመታት ሕዝብን እንዳዳነ ኹላችን እናውቃለን፤ ስለዚህም እናመሰግነዋለን። ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ብዙ ሰው ፈጥኖ ያልፈዋል። የግብፅ ሰዎች በመዠመሪያ ብራቸውን፣ ቀጥሎ ከብታቸውን፣ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሰጥተው እኽሉን እንደ ተቀበሉ በዚያው በኦሪት ተጽፏል። እንግዲህ ሕዝብን ከጭንቅ የሚያሻግር መንግሥት ካሻገረው ሕዝብ ምን ይቀበላል? ይህን ጥያቄ ለእኛ በሚቀርብ ዘመን፣ በአሜሪካ ከ1929 እስከ 1945 በኾነው ነገር ልመረምረው ወድጃለሁ። ዓመቶቹን ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እናገራለሁ።

ከዚያ አስቀድሞ ብዙው የአሜሪካ ሰው ማዕከላዊውን መንግሥት ከፖስታ ቤት በቀር በዕለት ኑሮው እምብዛም አያገኘውም ነበር። ድኻን መርዳት የየከተማው፣ የቤተ ክርስቲያንና የበጎ አድራጎት ማኅበር ሥራ ነበረ። በ1929 በጥቅምት ወር የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። እስከ 1933 ድረስ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ያኽል ሥራ ፈታ፤ 9,000 የሚያኽሉ ባንኮችም ተዘጉ። የረጂዎቹም ካዝና ከተረጂዎቹ ብዛት የተነሣ ባዶ ኾነ።

በመጋቢት 1933 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዘ በኹለተኛው ቀን ባንኮችን ኹሉ ለጊዜው ዘጋ። በሳምንቱም በራዲዮ ለሕዝቡ ነገሩን እንደ ጎረቤት በቀላል ቃል አስረዳ። ባንኮቹ ሲከፈቱ ገንዘቡን ሊያወጣ ይጋፋ የነበረው ሰው ሊያስቀምጥ ተሰለፈ። ይህ ስለ ምን ኾነ ቢሉ፤ ሕዝብ እውነቱ ሲነገረው መታገሥ ስለሚችል ነው።

ከዚህ በኋላ መንግሥት በየቤቱ ገባ። ከ1933 እስከ 1942 ሦስት ሚሊዮን የሚያኽሉ ወጣቶች በሰፈር እየተደራጁ ዛፍ ተከሉ፣ መንገድ ጠረጉ፤ በወር ከሚያገኙት 30 ዶላር 25ቱ ለወላጆቻቸው ይላክ ነበር። በ1935 የተቋቋመውም የሥራ ድርጅት እስኪዘጋ ድረስ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ያኽል ሰዎችን በመንገድ፣ በድልድይና በትምህርት ቤት ሥራ አሠማርቷል። በነሐሴ 1935 ደግሞ የሽማግሌዎች ጡረታ ሕግ ወጣ። ሠራተኛው ከደመወዙ እያዋጣ በእርጅናው ስለሚቀበለው፣ ገንዘቡ ምጽዋት መኾኑ ቀርቶ መብት ኾነ። ድኻውን አንገቱን ሳያስደፉ መርዳት ማለት ይህ ነው።

ኾኖም ማዕዱ ኹሉን አልጠራም። ያ ሕግ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት አገልጋዮችን አስቀርቷል፤ ከጥቁሮቹ ሠራተኞች የሚበዙት የሚሠሩት በእነዚሁ ሥራዎች ነበር። ጥጥ የሚዘራበት መሬት እንዲቀነስ መንግሥት ለባለ መሬቱ ሲከፍል፣ ብዙ ጢሰኛ ከእርሻው ተባረረ። እኛንም የነካ ነገር አለ። የጡረታው ሕግ በወጣበት በዚያው ወር፣ ለሚዋጉ አገሮች መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በጥቅምት 1935ም በኢጣሊያና በኢትዮጵያ ላይ በእኩል ተፈጸመ። ነገር ግን ፋብሪካ ላለው ወራሪና ፋብሪካ ለሌለው ተወራሪ እኩል ክልከላ እኩል አይደለም።

የሥራ ድርጅቶቹ ብዙ ሰው ቢያሳድሩም ሥራ ማጣትን ጨርሰው አላጠፉም፤ በ1940 ከመቶ ሠራተኛ ወደ ዐሥራ አምስት የሚጠጋው ገና ሥራ ፈት ነበር። ያጠፋው ጦርነቱ ነው። ለእንጀራ ስሙን የጻፈ መንግሥት አኹን ለጦር ጻፈው። በ1940 የወታደር ምልመላ ሕግ ወጣ፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ከ16 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው የጦር ልብስ ለበሰ። ከ1942 ዠምሮ ሕፃናት እንኳ ሳይቀሩ ለያንዳንዱ ሰው የራሽን ደብተር ተሰጠ፤ ስኳር፣ ቡና፣ ሥጋ በልክ ኾነ። የቤት መኪና መሥራትም ቆመ። በ1939 የገቢ ግብር ከፋዩ አራት ሚሊዮን ያኽል የነበረው፣ በ1945 ከአርባ ሚሊዮን በላይ ኾነ፤ ከ1943 ወዲህም ግብሩ ደመወዙ እጅ ሳይገባ ይቈረጥ ዠመር።

የዚህ ኹሉ ሥልጣን ክፉ ፍሬ በየካቲት 1942 ታየ። በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ 120,000 ያኽል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በዐሥር የእስር ሰፈሮች ተዘጉ፤ ከሦስቱ ኹለቱ እጅ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ክስ አልቀረበባቸውም፤ ዳኛም አልጠየቃቸውም። ለየቤተ ሰቡ ቍጥር ተሰጥቶ በልብሳቸው ላይ ተንጠለጠለ። በ1988 መንግሥት በሕግ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሕይወት ላሉትም ለያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ወሰነ። ይቅርታው ሲደርስ ግን ብዙዎቹ ዐርፈው ነበር።

ለሽማግሌው ጡረታ ስም የጻፈና ለእስረኛው ቍጥር የሰጠ እጅ አንድ እጅ ነው። ስለዚህ መንግሥት ብርቱ ይኹን ወይስ ደካማ ይኹን ብሎ መከራከር ብቻ አይበቃም። በራብ ቀን ብርቱ እጅ ያስፈልጋል፤ ደካማ እጅ ባንክ አያድንም፣ ዛፍም አያስተክልም። ይልቁንስ ልንጠይቀው የሚገባን፣ በማዕዱ ያልተቈጠረው ማን ነው? የተወሰደውስ የሚመለስበት ቀን ተወስኗልን? ብለን ነው።

የዛሬው በዓላችን ስሙ ይህን ያስተምረናል። በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ ማለት በሃምሳኛው ዓመት የተሸጠው መሬት ለባለቤቱ የሚመለስበት፣ የተገዛውም ሰው ወደ ወገኑ የሚሄድበት ዘመን ነው። ለፈርዖን መሬታቸውን የሰጡ ግብፃውያን እንዲህ ያለ ቀን አልተወሰነላቸውም። በአሜሪካም የወጣቶቹ ሰፈር በ1942፣ የሥራው ድርጅት በ1943 ተዘጋ፤ የመጨረሻው የስኳር ራሽን በ1947 ቀረ፤ ጡረታው ግን ለሕዝቡ ቀረለት። ከእስር ሰፈር የወጡት ግን ብዙዎቹ እርሻቸውንና ሱቃቸውን በሌላ ሰው እጅ አገኙት። እንግዲህ በጭንቅ ቀን ሥልጣን ለሚሰጥ ሕዝብም፣ ሥልጣኑን ለሚቀበል ሹምም፣ ኢዮቤልዩውን አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል።

እግዚአብሔር ለአገራችን የጥጋብን ዘመን፣ በጭንቅም ቀን የሚራራና የሚመልስ ሹም ይስጥልን። አሜን።