አጌት ድንጋይ በቤት መጋዝ እንዴት እንደሚቆረጥ



በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ድንጋይ ቆረጣ ጥቂት እንድንናገር የእድሩ ኮሚቴ በጠየቀን መሠረት ያሰማነው ንግግር ይኸው በመጽሔታችን እንዲወጣ ተደርጓል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከኛ ግቢ የሚሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ስትጠይቁን ቆይታችኋል። ወፍጮ ነው ያላችሁም አላችሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ ነገሩ ከወፍጮ ብዙም አይርቅም።

የምንቆርጠው አጌት የሚባለውን ድንጋይ ነው። አጌት ከኬልቄዶን ወገን ሲሆን፣ ኬልቄዶን የሚለውን ስም ብዙዎቻችን ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቀዋለን። አፈጣጠሩም እንደሚከተለው ነው። ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ የቀለጠ ዐለት ሲበርድ በውስጡ የጋዝ አረፋ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ሲሊካ የሟሟበት ውሃ በዚያ ባዶ ቦታ ለብዙ ዘመን ሲመላለስ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጠራቀመው ነጭ ቅርፊት፣ ንብርብር እየሠራ ይሞላዋል። የአገራችን ደጋ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተሸፈነ ስለሆነ እንዲህ ያለ ድንጋይ በወንዝ ዳር ቢገኝ አያስደንቅም። የቅርብ ዘመዱን ባልጩትንማ አባቶቻችን ክብሪት ሳይኖር እሳት ሲያወጡበት ኖረዋል፤ በኮንሶ ደግሞ ሴቶች ባልጩት እየጠረቡ ቆዳ ሲፍቁበት ኖረዋል።

አጌት ከውጭ ሲያዩት አፈር የለበሰ ድንች ይመስላል። ውበቱ ሆዱ ውስጥ ነው። ታዲያ ሆዱን እንዴት እናያለን? በመዶሻ ቢመቱት ይሰባበራል። በብረት መጋዝ ቢገዘግዙት የሚያልቀው መጋዙ ነው፤ ምክንያቱም ሞስ የተባለው ጀርመናዊ ባወጣው ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የጥንካሬ መለኪያ አጌት ከ6 ተኩል እስከ 7 ሲሆን፣ የቢላዋ ብረት ግን 5 ተኩል ገደማ ነው። አልማዝ 10 ነው። ስለሆነም መቁረጫው ጠርዙ ላይ የአልማዝ ብናኝ የተቀበረበት ክብ የብረት ዲስክ ነው። አልማዝ ሲባል ደግሞ ለቀለበት የሚሆን አይደለም፤ እንደ አሸዋ የደቀቀ የፋብሪካ አልማዝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ይህ ዲስክ ጥርስ የለውም። መጋዝ እንለዋለን እንጂ ድንጋዩን የሚፈጨው እንጂ የሚቆርጠው አይደለም። ወፍጮ ያላችሁት አልተሳሳታችሁም ያልነውም ለዚህ ነው። የኛ ዲስክ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በሄደበት ሁሉ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ድንጋይ ይበላል። የምናወጣው ጠፍጣፋ ቁራጭ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ አስሉት፤ ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ዱቄት ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ድንጋይ ቆርጠን ስንጨርስ መቶ ግራም ያህል ዱቄት ሠርተናል። ያ ዱቄት የት ይገባል? የዚህ ሥራ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

መሣሪያውን አስቀድመን እናስተዋውቃችሁ። ዲስኩን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ላከልን፤ የቀረውን እዚሁ ሰፈር አሠራነው። ከላሜራ የተበየደ ገንዳ አለ፤ በላዩ ኩሽኔታ ላይ የሚዞር ዘንግ አለ፤ ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል፤ ድንጋዩን የሚይዝ ሞርሳ ደግሞ በሐዲድ ላይ ወደ ዲስኩ ቀስ እያለ ይሄዳል። ገንዳው ውስጥ ፈሳሽ ይሞላና የዲስኩ ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠልቃል። ሲዞር ፈሳሹን ወደ ድንጋዩ ያወጣዋል፤ ዲስኩን ያቀዘቅዛል፤ ዱቄቱንም አጥቦ ወደ ገንዳው ያወርዳል። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ስለሚሠሩ ሞተሩ ከገንዳው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ የመሬት ሽቦ ሳይታሰርለትም አይነሳም።

ድንጋዩን ከመቁረጥ በፊት ማንበብ ያስፈልጋል። ውሃ ስናፈስበት መስመሮቹና ስንጥቆቹ ብቅ ይላሉ። ንብርብሩ እንዲታይ የሚፈለግ ከሆነ መስመሮቹን አቋርጦ እንጂ በመስመሮቹ አቅጣጫ አይቆረጥም። ሽንኩርት አቋርጦ መክተፍና ቅርፊቱን መላጥ እንደሚለያዩት ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው። ከዚያ ሞርሳው ውስጥ ይታሰራል። ድቡልቡል ድንጋይ በሁለት የብረት ከንፈር መካከል አይረጋምና በጎንና በጎኑ የእንጨት ሽብልቅ እንከትበታለን፤ በእጅ ነቅንቀን ንቅንቅ ካለ እንደገና እንፈታዋለን። ድንጋይ ቆረጣ መሀል ላይ ከተንሸራተተ ዲስኩ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ዲስክ ደግሞ ተመልሶ አይቀናም። ሌላም አለ። ዲስኩ በተዳፋት ፊት ላይ ከገባ ወደ ጎን ይሸሻልና የመጀመሪያው ንክኪ ቀጥ ባለ ፊት ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ወዲያ ትዕግሥት ነው። ሰባት ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ገፋ ገፋ ማድረግ ምንም አያፈጥንም። ድምፁ ከማጉረምረም ወደ ማፏጨት ከተለወጠ አልማዙ በብረት ተሸፍኗል ማለት ነውና አንድ ሁለት ጊዜ ሸክላ ጡብ ሲያስቆርጡት ይነቃል።

ቁራጩ ሲወድቅ የሚታየውን በቃል ለመግለጽ አንሞክርም፤ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥናቸውን እያነሳችሁ እዩ። በነገራችን ላይ በየሱቁ የሚታየው ደማቅ ሰማያዊና ሮዝ አጌት አብዛኛው በቀለም የተነከረ ነው። ተፈጥሮው ብዙውን ጊዜ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ቀይና ነጭ ነው።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንመለስ፤ ይህን ነገር በእድር ስብሰባ ላይ ያነሳነውም በሱ ምክንያት ነው። በህንድ አገር፣ በጉጅራት ግዛት ካምባት የምትባል ከተማ አለች። አጌት እየሞረዱ ዶቃ መሥራት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሙያዋ ነው። ሰዎቹ በየቤታቸው ድንጋዩን በደረቁ ሲሞርዱ ዱቄቱ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ጠባሳ ይሆንና ሳንባው መተንፈስ ያቅተዋል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። ሳሉና ክሳቱ ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ታልፏል፤ ነቀርሳውንም ቢሆን ይጋብዛል። ከሠሪው አልፎ በዚያው ቤት ያሉትንም ይይዛል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ብናኝ ካንሰር ከሚያመጡት ዘንድ መድቦታል። ክፉነቱ ወዲያው አለመታወቁ ነው፤ የዛሬው ብናኝ ብዙውን ጊዜ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ነው የሚታየው።

ይህንን የምናነሳው ህንድ ሩቅ ስለሆነች አይደለም። በኛው ሰፈር ልጆቻችን የወለል ሴራሚክና ግራናይት በእጅ ግራይንደር በደረቁ ሲቆርጡ እናያለን። የኛ መጋዝ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ያህል ሲዞር ትንሹ ግራይንደር 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ዱቄቱን ደመና አድርጎ ነው የሚያወጣው። አፍንጫ ላይ ሻርፕ መጠምጠም ትልልቁን ይይዛል እንጂ ሳንባ ድረስ የሚዘልቀውን ደቃቁን አያስቀርም። አንድ ሰው የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በስቶ ውሃ ቢያንጠባጥብለት እንኳ ብዙ ይሻላል፤ ግን ግራይንደሩ ለውሃ ያልተሠራ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ሌላ አደጋ ነው። ለውሃ ተብሎ የተሠራ መቁረጫ መጠቀም ነው ያለው፤ ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ማስክም አይቅር።

ፈሳሹን በተመለከተ ናፍጣ ወይም ላምባ አይሻልም ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁናል። አይሻልም፤ ይተናል፣ ያፍናል፣ እሳትም ይይዛል። ለዚሁ የተሠራ የማዕድን ዘይት አለ፤ ለዲስኩ ከውሃ ይሻላል፤ ቁራጩን በኋላ በሰጋቱራ አሽቶ በሳሙና ማጠብ ነው። እኛ ግን ውሃ መርጠናል። የሚያስከፍለን ዲስኩ እንዳይዝግ ሥራው ሲያልቅ ውሃውን ማፍሰስና ዲስኩን ማድረቅ ብቻ ነው። ኦፓል ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው፣ ከዘይት አርቁት፤ ፈሳሽ እንደ ስፖንጅ ይመጣል፤ የጠጣው ዘይት ያበላሸዋል።

ገንዳው ሥር የሚቀረው ጭቃ ቱቦ ውስጥ አይደፋም፤ ይረጋና ይደፍናል። ደርቆም መጠረግ የለበትም፤ ከደረቀ ያው ዱቄት ነው። እርጥብ እንዳለ በላስቲክ ታስሮ ይጣላል።

ለጉባኤው ያቀረብነው ጥያቄ ይኸው ነው። ድንኳንና ወንበር ከሚቀመጥበት የእድሩ መጋዘን ጀርባ ቧንቧ ያለበት ባዶ ቦታ አለ። መጋዙን ወደዚያ እንድናዛውር ቢፈቀድልን የሰፈሩ ልጆች ሴራሚካቸውንም ሆነ ድንጋያቸውን በውሃ እየቆረጡ እንዲሠሩ እናሳያቸዋለን። ለሴራሚኩ የሚሆን ሌላ ዲስክ እኛ እንገዛለን፤ የመብራቱንም እኛው እንከፍላለን፤ ጭቃውንም እኛው እናወጣለን። ሐዘን ባለበት ቀን መጋዙ አይነሳም። እስከዚያው ድንጋይ ያለው ሰው ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ይዞ ይምጣ፤ በቀን ከሦስት ድንጋይ በላይ ግን አንችልም።